ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፦ ከለጋ ልጄ ጋር ከቤት መውጣት

ልጄ የተወለደችው ኅዳር 30 ቀን ነው። ከሆስፒታል ወደ ቤት ከገባን በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እየመጣች ታየን ስለነበር፣ እኔና ልጄ የግቢያችንን በር አብረን ተሻግረን የወጣነው ለአርባ አምስት ቀን ክትባቷ፣ ጥር 15 ቀን ነበር። የዘንድሮውን ጥምቀት እንኳ ያሳለፍኩት መኝታ ቤት ተቀምጬ ዝማሬውን ከሩቅ እየሰማሁ ነው። በዚያን ቀን በጤና ጣቢያው ያየሁት ነገር ከልጅ ጋር ስለመውጣት የነበረኝን ሐሳብ ስለለወጠው፣ ከዚያም በኋላ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይዣት ስለሄድኩ፣ በሐዋሳ የመጀመሪያ ልጃቸውን የታቀፉ እናቶች ይጠቀሙበት ዘንድ በዝርዝር ልጽፈው ወሰንኩ።

እናቴ ልታርሰኝ ከሀገረ ሰላም ከመጣች ጀምሮ ቤቱ በእርሷ እጅ ነበርና የመውጫውን ዝግጅትም የያዘችው እርሷ ናት። በመጀመሪያ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ልብስ አለበሰቻት፤ በላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ካልሲና ኮፍያ ጨመረች፤ ከዚያ በብርድ ልብስ፣ ከብርድ ልብሱም በላይ በጋቢ ጠቀለለቻትና ፊቷን በነጠላ ሸፈነችው። ጋቢው ለብርድ፣ ነጠላው ደግሞ ለሰው ዓይን ነበር። እኔም አልተቃወምኩም፤ እናቴ አምስት ልጆች አሳድጋለች፣ እኔ ግን ገና የመጀመሪያዬን መታቀፌ ነው። ባጃጅ ተጠራ፤ ሾፌሩ አራስ መሆኔን ሲያይ ከራሱ አክብሮት የተነሳ የጎኑን ሸራ በሁለቱም በኩል አወረደልን፤ በጥር ፀሐይ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ እንደ ምጣድ በጋለው በዚያ ሸራ ሥር ሆነን ሄድን።

ጤና ጣቢያ ደርሰን ተራችን ሲደርስ ሲስተሯ መጠቅለያውን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች። ነጠላው ሲነሳ ጉንጯ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ኮፍያው ሲወልቅ ያ ለስላሳ ፀጉሯ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። በአንገቷ እጥፋት ውስጥ ላቡ ተጠራቅሞ ያብረቀርቃል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ዝምታዋ ነበር፤ ለወትሮው ጡት አንድ ደቂቃ ሲዘገይባት ቤቱን የምታናውጥ ልጅ፣ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ እጅና እግሯን ጥላ ተኝታለች። የሙቀት መለኪያው 37.9 አለ። ሲስተሯ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችምም፤ ከጥጥ ልብሷ በስተቀር ሁሉንም አውልቃ ጥላና አየር ካለበት ወንበር ላይ አስቀመጠችንና ጡት እንድሰጣት ነገረችኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ እንደገና ስትለካት ወደ 37 ወርዷል፤ ልጄም ዓይኗን ከፍታ ጣሪያውን ትመለከት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በአፏ የሚጨመሩት ሁለት ጠብታዎችና በሁለቱ ጭኖቿ የሚሰጡት ሁለት መርፌዎች የተሰጧት። ስንወጣ ሲስተሯ የታጠፈውን ጋቢ ለእናቴ እያቀበለች፣ "እማማ፣ ይኼ ለእርስዎ ይሁን፤ ለእርሷ ጥጡ ይበቃታል፤ ሐዋሳ እኮ ነው" አለቻት።

እናቴ በዚያ ቀን አዝና ዋለች፤ እኔም ስለ እርሷ አዘንኩ፤ ምክንያቱም ያደረገችው ነገር ሁሉ በራሷ ቦታ ትክክል ነበር። እርሷ የተወለደችውም እኛን ያሳደገችውም ሀገረ ሰላም ነው። ሀገረ ሰላም ከሐዋሳ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ ጉም ከሰፈር የማይጠፋበት ደጋ ነው፤ እዚያ ሕፃን ካልተጠቀለለ በእርግጥ ብርድ ይጎዳዋል። ከሐይቁ ዳር፣ በ1,700 ሜትር ላይ ባለች ከተማ ግን ያው ጥቅልል ልጅን የሚያፍን ይሆናል። ጨቅላ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው የሰውነቷን ሙቀት ማስተካከል አትችልም፤ ሲሞቃት ልብሷን መግፈፍም ሆነ "ሞቀኝ" ማለት አትችልም፤ ያላት መውጫ ማልቀስ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ሲበዛባት ደግሞ ማልቀሱንም ትተወዋለች። ሕፃናት በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት ከሚሞቱበት ሁኔታ ጋር ሐኪሞች ከሚያያይዟቸው ነገሮች መካከልም ከመጠን በላይ መሞቅና የፊት መሸፈን ይገኙበታል። ስለዚህ በነጠላ ፊትን መሸፈን ቀላል ነገር አይደለም፤ የሰው ዓይን የሚያሳስባት እናት ነጠላዋን ከልጇ ፊት በላይ እንደ ድንኳን ከፍ አድርጋ በእጇ ብትይዘው ጥላም ይሆናል፣ አየርም አይከለክልም።

ከሲስተሯ የተማርኩትና ከዚያ ወዲህ ሳላደርገው የማልውልበት ነገር አለ። የልጅን ሙቀት ለማወቅ እጇን ወይም እግሯን አልነካም፤ የጨቅላ እጅና እግር ደህና ሆና ሳለም ቀዝቀዝ ሊል ይችላል፤ እኛ ደግሞ እሱን ነክተን "በረዳት" እያልን እንጨምርባታለን። የሚነካው ማጅራቷ ወይም ደረቷ ነው። ማጅራቷ ረጥቦ ወይም ግሎ ከተገኘ አንድ ልብስ ይወልቃል፤ ቀዝቅዞ ከተገኘ አንድ ይጨመራል። በሐዋሳ ቀትር እኔ በለበስኩት ልክ ትለብሳለች፤ በጠዋትና በማታ ከእኔ አንድ ልብስ ትጨምራለች።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ወደ ፍቅር ሐይቅ በኩል ጠዋት ጠዋት መውጣት ጀመርን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳይሆን እንመለሳለን። በዚያ ሰዓት ሐይቁ ዳር ነፋሱ ለስላሳ ነው፤ ፀሐይዋ አትከብድም፤ ሰውም ገና አልበዛም። ፀሐይ ማሞቅን በተመለከተ የእናቶቻችን ልማድ መልካም መሠረት አለው፤ ፀሐይ በቆዳ ላይ ስታርፍ ለአጥንት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ዳሩ ግን ቅባት ቀብቶ ቀትር ላይ ማጋለጥ ለጋ ቆዳን ያቃጥላል። እኔ በጠዋቷ ፀሐይ ለጥቂት ደቂቃ እግሮቿንና እጆቿን አሞቃለሁ፤ ዓይኗን እከልላለሁ፤ ቀሪው ጊዜ በዋርካው ጥላ ሥር ነው። ወደ አሞራ ገደል፣ ወደ ዓሣ ገበያው ግን አልወስዳትም። ቦታውን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ግፊያው፣ ጭሱና ከዓሣው ጋር የሚመጣው ዝንብ ለሁለት ወር ልጅ አይሆንም። ምሽት ላይ ሐይቅ ዳር መቀመጥንም ትቼዋለሁ፤ የወባ ትንኝ የምትወጣው ያኔ ነው፤ ለትልልቆች የሚቀባው የትንኝ መከላከያ ደግሞ ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን አይቀባም። ለእርሷ መከላከያዋ ቤት ውስጥ በጊዜ ገብታ በአጎበር ሥር መተኛቷ ነው።

ከቤት ስንወጣ ከሁሉ የከበደኝ ነገር ፀሐይም ነፋስም አልነበረም፤ ፍቅር ነው። ሰው ሕፃን ሲያይ ልቡ ይራራል፤ እጇን ይይዛል፣ ጉንጯን ይስማል፣ ሽማግሌዎች "እደጊ" ብለው እንትፍ ይላሉ። ይህንን ምርቃት የምንቅ አይደለሁም፤ እኔም በእርሱ ነው ያደግሁት። ሆኖም ለትልቅ ሰው ተራ ጉንፋን የሆነው ነገር ለሁለት ወር ልጅ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ትክትክም ቢሆን አብዝቶ የሚጎዳው ክትባታቸውን ያልጨረሱትን ለጋዎች ነው። "አትሳሟት" ማለት ደግሞ በእኛ ዘንድ ሰውን ማስቀየም ነው። መፍትሔውን የሰጡኝ የሰፈራችን አንዲት አዛውንት ናቸው፤ ልጄን ሳሳያቸው ብርድ ልብሷን ከታች ገለጥ አድርገው፣ እግሯን ስመው፣ "የልጅ ፊት አይሳምም፤ እግሯን ነው፤ እግሯ ይባረክ" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊስማት የሚመጣ ሁሉ "እግሯን ሳሙልኝ" ሲባል ደስ ብሎት ይስማል፤ ማንም አልተቀየመኝም።

ረጅሙ ጉዞ የመጣው በክርስትናዋ ነው። ሴት ልጅ ስለሆነች የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ፣ የካቲት 20 ነው። የባለቤቴ አባት አዲስ አበባ ከአልጋ ላይ የዋሉ ስለሆኑ ወደ እኛ መምጣት አይችሉም፤ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና በቤታቸው ማየት ደግሞ ምኞታቸው ነበር። ከዚህም ሌላ ጊዜው ይገፋኝ ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣልና የእኔ ፈቃድ የካቲት 30 ያበቃል። የባለቤቴ የአባትነት ፈቃድ ሦስት ቀን ብቻ ስለነበር ልጃችን ገና እንቅልፏን ሳትጨርስ አልቋል፤ ስለዚህም እርሱ ከዓመት ፈቃዱ ቀንሶ ነው የወሰደን። ሁለተኛውን ክትባት የካቲት 13 አስከትበናት፣ ክትባት የሚያመጣው ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ስለሚያልፍ ሦስት ቀን ጠብቀን፣ የካቲት 17 ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሳን።

መኪናው የባለቤቴ ወንድም ነበር። የሕፃን መቀመጫውን ከጎረቤት ተዋስን። እዚህ ላይ ሳልሸሽግ መናገር ያለብኝ ነገር አለ፤ እናቴም አማቴም፣ ባለቤቴም ጭምር፣ "ከእናቷ እቅፍ የሚበልጥ ምን አለ?" ብለውኛል። ለፍቅር የሚበልጥ የለም። መኪና በድንገት ሲቆም ግን የአምስት ኪሎ ልጅ ክብደቷ በእጅ ሊያዝ በማይችል መጠን ይባዛል፤ የእናት ክንድ የቱንም ያህል ቢጠነክር ይለቃታል፤ እናትየዋ ቀበቶ ካላሰረች ደግሞ በራሷ ክብደት ልጇን ትጨፈልቃለች። ስለዚህ መቀመጫው በኋላ ወንበር ላይ፣ ፊቱ ወደ መኪናው ኋላ ዞሮ ታሰረ፤ ማሰሪያው በወፍራም ልብስ ላይ ሲታሰር ስለሚላላ በጥጥ ልብሷ አስረን ስስ ነጠላ ከላይ ጣል አደረግንባት። እኔ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። ጨቅላ በመቀመጫው ውስጥ ስትተኛ አገጯ ወደ ደረቷ ከወደቀ ትንፋሿ ሊታፈን ይችላልና፣ በመንገዱ ሁሉ የማየው አገጯን ነበር።

ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው በአራት ወይም በአምስት ሰዓት የሚሄደውን እኛ በሰባት ሰዓት ተኩል ሄድነው፤ ያም የጉዞው ትክክለኛ ሰዓት ነበር እላለሁ። በየሁለት ሰዓቱ ባልሞላ ጊዜ መቆም ያስፈልጋል፤ ልጅ ከመቀመጫዋ ወጥታ ትጠባለች፣ ትገላበጣለች፣ ዳይፐሯ ይቀየራል፤ እናትየዋም ትራመዳለች። የእናትየዋ መራመድ የሚዘነጋ ነገር ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደም በእግር ሥር ውስጥ የመርጋት ዕድሉ ከፍ ይላል፤ አደጋው ከሁሉ የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው፤ ለሰዓታት ተጣጥፎ መቀመጥም ያባብሰዋል። አርሲ ነገሌ ላይ ቆመን አጠባኋት። ቀጥለን ባቱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆምን፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሞጆ ያለው የፍጥነት መንገድ ስለሆነ እንደልብ ዳር ይዞ መቆም አይቻልምና፣ እዚያ ከመግባታችን በፊት በደንብ እንድትጠባ ፈለግን።

ባቱ ላይ ሙቀቱ በርትቶ ነበር። እናቴ ከአጠገቤ ተቀምጣ ልጅቷ ስትጠባ ካየች በኋላ፣ "ከንፈሯ ደርቋል፤ አንድ ጠብታ ውሃ ብናርሳት?" አለችኝ። ይህም ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ነገር ግን የእናት ጡት ከመቶው 88 ያህሉ ውሃ ነው። እስከ ስድስት ወር ድረስ በየትኛውም ሙቀት ከጡት ሌላ ውሃ አያስፈልጋትም፤ በመንገድ ላይ የሚገኝ ውሃ ደግሞ ለተቅማጥ በር ይከፍታል። ውሃውን የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጠርሙስ። እርሷ ከእኔ ጠጣች።

አዲስ አበባ ስንደርስ ነገሩ ተገለበጠ። ማምሻውን ብርዱ ያንዘፈዝፍ ነበር፤ ሹራቡም፣ ኮፍያውም፣ ብርድ ልብሱም ከሻንጣ ወጡ፤ እናቴም ደስ አላት። አማቴ "ለልጄ ክፍሉ ይሙቅላት" ብለው በከሰል የተሞላ ምድጃ ወደምንተኛበት ክፍል ሲያስገቡ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ መስኮትና በር በተዘጋበት ክፍል የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል፤ በየዓመቱ በዚህ የተነሳ የሚሞቱ ቤተሰቦችን ወሬ የማይሰማ የለም። እጃቸውን ስሜ፣ "እማዬ፣ ከእኔ አልጋ አጠገብ ነው የምትተኛው፤ ይሞቃታል" ብዬ ምድጃውን በረንዳ ላይ እንዲያወጡልኝ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ። ቡና ሲፈላም ዕጣኑና ጭሱ እስኪረግብ ድረስ ልጄን ይዤ ወደ አያቷ ክፍል እገባ ነበር። የባለቤቴ አባት ቀኝ እጃቸው አይታዘዛቸውም፤ በግራ እጃቸው እግሯን አንስተው ከንፈራቸው ላይ ያኖሩና ረጅም ጊዜ ሳይናገሩ ይቆያሉ።

የካቲት 20 ንጋት ላይ ተጠመቀች። ከውሃው ስትወጣ ገላዋ በብርዱ ሐምራዊ መስሎ ነበር፤ የክርስትና እናቷ ተቀብላ በፎጣ እንዳደረቀቻት፣ እናቴ ያንን ከሀገረ ሰላም ያመጣችውን ጋቢ ዘርግታ ተቀበለቻት። ከጋቢ የተሻለ ነገር በዚያች ሰዓት አልነበረም።

መልሱ በሚኒባስ ሆነ፤ ባለቤቴ ለሥራው ቀድሞ ተመልሷል፣ መኪናውም ለባለቤቱ ያስፈልግ ነበር። ይህን የጉዞውን ክፍል ለማንም አልመክረውም፤ መቀመጫዋን የሚያስር ቀበቶ በሚኒባሱ ውስጥ አልነበረም። የቻልነው ያህል ተጠነቀቅን፤ ከሾፌሩ ጎን፣ ጋቢና ውስጥ መቀመጥን ትተን ከሾፌሩ ኋላ ካለው ወንበር የመስኮቱን በኩል ያዝን፤ በማለዳ የሚነሳውን መረጥን፤ የክትባት ካርዷን በቦርሳዬ ያዝኩ። በልቤም ሲስተሯ የነገረችኝን ደጋግሜ አስብ ነበር፦ ጡት እንቢ ካለች፣ ትኩሳቷ 37.5 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ በእርጋታ ሳለች በደቂቃ ስልሳና ከዚያ በላይ ከተነፈሰች፣ ሰውነቷ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከተዝለፈለፈች ሐዋሳ እስክንደርስ አልጠብቅም፤ በቅርብ ባለው ከተማ ወርጄ ጤና ተቋም እገባለሁ።

ሞጆን አልፈን ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሚኒባሱ ውስጥ ያለው አየር ከበደ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም መስኮት አልተከፈተም። የእኛን በአንድ ስንዝር ገፋ ሳደርገው ከኋላችን የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ "ልጄ፣ ዝጊው እንጂ! አራስ ልጅ ይዘሽ? ንፋስ ይመታታል" አሉኝ። ሌሎችም ደገፏቸው። ረዳቱ እጁን ወደ መስኮቱ ሰደደ። እኔ ምን ብዬ እንደምመልስ ቃል ስፈልግ፣ እናቴ ዝም ብላ እጇን ከልጄ ኮፍያ በታች አስገብታ ማጅራቷን ዳሰሰች። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀችና ወደ ኋላ ዞራ፣ "እኔም እንደ እርስዎ ነበርኩ፤ በላብ ተነክራ አይቻታለሁ" አለቻቸው። ቀጥላም ረዳቱን፣ "የኔ ልጅ፣ ተወው ክፍት ይሁን። ወደ ሐዋሳ እኮ ነው የምንወርደው" አለችው።